በሉዊ ሣር ላይ የማን ሐውልት ይቁም?

በሴፕቴምበር 2015 ቬርሳይ ቤተ መንግሥት አትክልት ውስጥ በአንድ ግዙፍ የብረት ቱቦ ላይ የወርቅ ቅጠል መለጠፍ ተጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቱቦው 60 ሜትር ይረዝማል፤ አፉ እንደ መለከት ወደ ቤተ መንግሥቱ ተከፍቷል። ወርቁ ለጌጥ አልነበረም። ከሥሩ አይሁዶችን የሚሳደብ ጽሑፍ ነበር።

ነገሩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ለማወቅ ወደ ኋላ፣ ራቅ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ቬርሳይ ሲባል ብዙዎቻችን ያረጀና የተከበረ ነገር ነው የሚታየን። ሲሠራ ግን የወቅቱ አዲስ ነገር ነበር። 14ኛው ሉዊ የአባቱን የአደን ማረፊያ ከ1661 ጀምሮ እያስፋፋ ቆይቶ በ1682 ቤተ መንግሥቱን ጠቅልሎ ወደዚያ ገባ። አትክልቱን የነደፈው አንድሬ ለ ኖትር ነው። ሐውልቶቹን የሠሩት በሕይወት ያሉ፣ ክፍያ የሚጠብቁ ቀራፂዎች ናቸው፤ በ1674 ብቻ 24 የእምነበረድ ሐውልቶች በአንድ ትእዛዝ ተጠየቁ። ከኩሬው መሀል ሠረገላውን እየነዳ ብቅ የሚለው የፀሐይ አምላክ አፖሎ፣ «የፀሐይ ንጉሥ» የተባለው ሉዊ ራሱ ነው። ዛሬ ቅርስ የምንለው ያኔ ፕሮፓጋንዳ ነበር። ውብ ፕሮፓጋንዳ፣ ግን ፕሮፓጋንዳ።

ውኃው አልበቃ ብሎ ያስቸገራቸው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከሴን ወንዝ ውኃ የሚስበው፣ 14 መንኰራኩር የነበረው የማርሊ ማሽን በ1684 ሥራ ቢጀምርም ፏፏቴዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ማስፈንጠር አልተቻለም። ስለዚህ ንጉሡ ሲንሸራሸር ሠራተኞቹ በፉጨት እየተጠራሩ ከፊቱ ያለውን ይከፍታሉ፤ ሲያልፍ ይዘጋሉ። (የሰፈሩ የውኃ ፈረቃ ትዝ ያለው አንባቢ ካለ አልፈርድበትም።)

እናላችሁ፣ በዚህ አትክልት ውስጥ የመጀመሪያው የሐውልት ጠብ የእኛ ዘመን ጠብ አይደለም። ጣልያናዊው ቤርኒኒ የዘመኑ አውራ ቀራፂ ነበር። ሉዊን በፈረስ ላይ አስቀምጦ በእምነበረድ ቀረፀው። ሥራው ቬርሳይ የደረሰው በ1685፣ ሰውየው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ንጉሡ አየው፤ ጠላው፤ ይሰበር እስከ ማለትም ደረሰ። ከመሰበር ያዳነው ጂራርዶን የተባለ ፈረንሳዊ ቀራፂ ነው፤ እዚህም እዚያም ነካክቶ የጥንት ሮማዊ ጀግና አደረገውና ከትልቁ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ማዶ፣ ዳር ላይ ቆመ። ዛሬ የዚያ «አስቀያሚ» ፈረሰኛ ግልባጭ ሉቭር ሙዚየም ደጃፍ፣ ከመስታወቱ ፒራሚድ አጠገብ ይገኛል።

በነገራችን ላይ ይህ ሉዊ ለእኛም ፍጹም ባዕድ አይደለም። ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 ጎንደር ገብቶ ታላቁን ኢያሱን ያከመው በእሱ ዘመነ መንግሥት ነው። የፋሲል ግቢና ቬርሳይ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩትም በአንድ ዓመት፣ በ1979 ነው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ2008 የቤተ መንግሥቱ ኃላፊ የነበሩት የቀድሞው የባህል ሚኒስትር ዣን ዣክ አያጎን አሜሪካዊውን ጄፍ ኩንስን ጋበዙ። ፊኛ የመሰለ የብረት ውሻ ከንጉሡ አዳራሾች በአንዱ ቆመ፤ በአበባ የተሸፈነ ግዙፍ የአሻንጉሊት ጭንቅላት ደግሞ ውጭ አትክልቱ ላይ። የሉዊ ዘር ነኝ የሚል ልዑል «አያቶቼ ተዋረዱ» ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሱን ውድቅ አደረገው። ልዑሉ አያሳዝነኝም። ሌላው ቅሬታ ግን እውነት አለው፦ ከታዩት ሥራዎች በርከት ያሉት የቢሊየነሩ ፍራንሷ ፒኖ ንብረት ነበሩ፤ አያጎን ደግሞ ቀደም ሲል የፒኖን ሙዚየም በቬኒስ ይመሩ ነበር። የሕዝብ ቤተ መንግሥት ውስጥ መታየት የግል ንብረትን ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ይህን ለማየት ዘውድ ናፋቂ መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ ጃፓናዊው ሙራካሚ በ2010፣ ፖርቱጋላዊቷ ቫስኮንሴሎስ በ2012 (የመጀመሪያዋ ሴት)፣ ሌሎችም ተከተሉ። በ2015 ተራው የአኒሽ ካፑር ሆነ። ካፑር ሙምባይ የተወለደ፣ እናቱ የኢራቅ አይሁድ የሆነች ብሪታንያዊ ነው። ሥራውን «ቆሻሻው ጥግ» አለው። አንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ እሱን ጠቅሶ «የንግሥት ኃፍረተ ሥጋ ነው» ብሎ ጻፈና እሳቱ ተለኮሰ። በጁን ቢጫ ቀለም ረጩበት፤ ተጸዳ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ግን በነጭ ቀለም የጥላቻ ጽሑፍ ሞሉት።

ካፑር አይጸዳም አለ። ጥላቻው ይታይ፣ የሥራው አካል ይሁን አለ። አንድ የከተማው ምክር ቤት አባል ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ጽሑፉ ከሕዝብ ዓይን እንዲሰወር አዘዘ። ወርቁ የመጣው ያኔ ነው።

እኔ ትእዛዙ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ስድቡ የተጻፈው በካፑር ብረት ላይ ቢሆንም የተሰደበው ካፑር ብቻ አይደለም፤ ልጁን ይዞ ሣሩ ላይ የሚንሸራሸር አይሁዳዊ ጎብኚ ፈቃዱን የጠየቀው የለም። ግን አጥቦ ከማጥፋት በወርቅ መሸፈኑ ይበልጥብኛል፤ ለቦታው ይስማማዋላ! የቤርኒኒ ፈረስ በደረሰበት በዚያው በ1685 ሉዊ በቬርሳይ ስም አንድ ሕግ አወጣ። የቅኝ ግዛቶቹን ባርነት የሚደነግግ ሕግ ሲሆን የመጀመሪያው አንቀጹ አይሁዶች ከእነዚያ ግዛቶች ይባረሩ ይላል። በወርቅ የተለበጠውን የቤተ መንግሥቱን አጥር አይቶ ይህን የሚያስታውስ ጎብኚ ብዙ አይመስለኝም።

በ2016 ኦላፉር ኤሊያሰን መጣ። ታላቁ ቦይ ላይ ረጅም የብረት ማማ ተክሎ ውኃ በፓምፕ አወረደ። ከቤተ መንግሥቱ ሲያዩት ከባዶ ሰማይ የሚወርድ ፏፏቴ ይመስል ነበር፤ ወደ ጎን ዞር ሲሉ ብረቱ ይታያል።