ደጋን (ሙዚቃ)

ደጋን የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ዘንግ ሲሆን፣ በሙዚቃ መሣሪያ ክር ላይ እየተሳበና እየተገፋ ድምፅ ያወጣል። በኢትዮጵያ የማሲንቆ፣ በአውሮፓ የቫዮሊን፣ የቪዮላ፣ የቼሎና የኮንትራባስ መጫወቻ ነው። በአማርኛ ይኸው ቃል ጥጥ የሚነደፍበትንም መሣሪያ ይጠራል። ክራርና በገና በጣት ወይም በመግረፊያ ስለሚመቱ ደጋን የላቸውም።

የማሲንቆ ደጋን

በወረታና በፎገራ ሜዳ፣ እንደ ሌላው የጎንደር አገር ሁሉ፣ ማሲንቆ ከሠርግ አይለይም። ሩዙ ተሰብስቦ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ አዝማሪው ከድግስ ድግስ ይዞራል። መሣሪያው በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ገበታ፣ ረጅም አንገትና አንድ ክር ብቻ አለው። ክሩም ራሱ የፈረስ ጭራ ስለሆነ ጭራ በጭራ ላይ ይሳባል። እንዲሁ ቢሳብ ያንሸራትታል እንጂ አይጮኽም፤ ስለዚህ ደጋኑ በዕጣን ወይም በሙጫ ይታሻል።

የማሲንቆው ደጋን እንደ ጥጥ መንደፊያው ጎበጥ ያለ ነው። አዝማሪው እየዘፈነ ስለሚጫወት የደጋኑ ጉዞ የግጥሙን ስንኝ ይከተላል፤ ትንፋሽ ሲያልቅ ደጋኑም ይመለሳል።

የቫዮሊን ደጋንና ፈረንሳይ

የቀድሞው የአውሮፓ ደጋንም አጭርና ወደ ውጭ የጎበጠ ነበር። በሉዊ 14ኛው ቤተ መንግሥት የሙዚቃ ኃላፊ የነበረው ትውልደ ጣሊያናዊው ዣን ባቲስት ሉሊ (እ.ኤ.አ. 1632–1687) ቫዮሊኖቹ ሁሉ ደጋናቸውን በአንድ አቅጣጫ እንዲያንቀሳቅሱ አደረገ። ሙዚቃው በአብዛኛው የጭፈራ ስለነበር፣ የምቱ የመጀመሪያ ድምፅ ደጋኑን ወደ ታች በመሳብ እንዲጀመር ሕግ ወጣ። ፈረንሳዮች የደጋኑን የቁልቁል ጉዞ «መሳብ»፣ የሽቅቡን «መግፋት» ይሉታል፤ አጠራሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን ደጋን ቅርጽ ያስያዘው ፓሪሳዊው ፍራንሷ ቱርት (1747–1835) ነው። ፐርናምቡኮ የተባለውን የብራዚል እንጨት በእሳት እያሞቀ ወደ ጭራው፣ ማለትም ወደ ውስጥ አጎበጠው፤ ርዝመቱን ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ አደረሰው፤ ጭራውም እንደ ጥብጣብ ጠፍጥፎ እንዲቆም አደረገ። ረጅም ድምፅ ሳይቆረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማውጣት ቀለለ። የፓሪስ ኮንሰርቫቷር በ1795 ተቋቋመ፤ መምህራኑ ባዮ፣ ሮድና ክሮይትዘር ያዘጋጁት የማስተማሪያ መጽሐፍም ተከተለ። የክሮይትዘር 42 መልመጃዎች እስከ ዛሬ የቫዮሊን ተማሪ የማያልፋቸው ናቸው፤ የግራውንም የቀኙንም እጅ የሚፈትኑ ናቸው።

የፈረንሳይ ሙዚቃ በቫዮሊን ሲነሣ የሚጠቀሱት ሥራዎች ይህንኑ ያሳያሉ። በማስኔ ኦፔራ «ታይስ» (1894) ውስጥ ያለው «ሜዲታሲዮን» ለጣት ብዙ አያስቸግርም፤ ደጋኑን በዝግታና ያለ መንቀጥቀጥ መሳብ ግን ከባድ ነው። የሴዛር ፍራንክ ሶናታ (1886) ለቫዮሊን ተጫዋቹ ለኢዛይ የተሰጠ የሠርግ ስጦታ ነበር። ደቡሲ በ1917 በጨረሰው ሶናታ ደጋኑ ብዙ ጊዜ ክሩን በጭንቅ ይነካዋል።

ከማሲንቆ ወደ ቫዮሊን

ማሲንቆ የለመደ ሰው ቫዮሊን ሲይዝ ከባዶ አይጀምርም። ሁለቱም በአንገታቸው ላይ የድምፅ መለያ የላቸውም፤ ድምፁን የሚያስተካክለው ጆሮ ነው። ደጋንን መጫን፣ ማፍጠንና ማዘግየት ድምፅን እንዴት እንደሚለውጥም እጁ ያውቀዋል፤ ጀማሪ የቫዮሊን ተማሪን ዓመታት የሚፈጀው ይኸው ነው።

የሚያስቸግረው ሌላው ነው። የማሲንቆ ክር በጣት ይነካል እንጂ ከአንገቱ ጋር አይጣበቅም፤ የቫዮሊን ክር ግን እስከ እንጨቱ ድረስ ይጫናል። ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ እና ሚ የተቃኙ አራት ክሮች ስላሉት ደጋኑ ከክር ወደ ክር ሲሻገር ክንዱ ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። ማሲንቆ ከጉልበት ላይ ቆሞ ደጋኑ ወደ ጎን ሲሄድ፣ ቫዮሊን ከትከሻና ከአገጭ መካከል ይያዛል።

የቅኝቱ ልዩነት ከሚገመተው ያነሰ ነው። ደቡሲ በአምስት ድምፆች ብቻ የተሠሩ ዜማዎችን ይወድ ነበር፤ በ1889 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጃቫን ሙዚቃ ሰምቶ ተማርኳል። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝትም በአምስት ድምፅ የቆመ ነው፤ አምስቱ ድምፆች ደቡሲ ከተጠቀመባቸው መካከል ይገኛሉ። አንቺ ሆዬ ግን የራሱ መንገድ አለው፤ ለፒያኖ በተቃኘ ጆሮ ቢለካ የአዝማሪው ድምፅ «የተዛባ» ይመስላል። እንዲህ ብሎ ማረም የቅኝቱን ጠባይ ማጥፋት ነው።

በኢትዮጵያ

በፒያኖ ሥራዎቻቸው የሚታወቁት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023) መጀመሪያ የተማሩት ቫዮሊን ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአንድ ወቅት የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። እማሆይ ገና በሕፃንነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ጀመሩ፤ በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንትሮቪች ተምረዋል። ከምንኵስና በኋላ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል።

አዲስ አበባ በሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊንም ማሲንቆም በአንድ ግቢ ይሰጣሉ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት የሙዚቃ ሊቅና አቀናባሪ አሸናፊ ከበደ የአገሩን መሣሪያዎችና ቅኝቶች በጽሑፍ አጥንተዋል።