ሞንታና፦ ስንዴ፣ መዳብና ጦርነት ያነሷትና የጣሏት ምድር

ዛሬ ስለ ዋግም ስለ ማዳበሪያም አላወራም፤ ትንሽ ታሪክ እንጨዋወት። ታሪኩ የሩቅ አገር ነው፣ ግን የገበሬ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የፃፍኩት። ምርቱን ደግሞ እንዲገባን ብዬ ወደ ኩንታልና ሄክታር ቀይሬዋለሁ።

ሞንታና አሜሪካ ውስጥ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ከካናዳ ጋር የምትዋሰን ግዛት ናት። ስፋቷ የኢትዮጵያን አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ምዕራቡ ተራራና ደን ነው፤ ምሥራቁ ዓይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋ ሜዳ። የኛ ታሪክ የሚበዛው ሜዳው ላይ ነው። እዚያ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ብዙ ቦታ ላይ 300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አለ። መሬቱ ከድሮ ጀምሮ የብላክፊት፣ የክሮውና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ነበር። ኑሯቸው የተመሠረተው በጎሽ ላይ ነው። ጎሹን ነጮቹ አዳኞች ለቆዳው ብለው በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጨረሱት፤ ወዲያው በመጣው ክረምት ከብላክፊቶች በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብ አለቁ። "ባዶ መሬት" ተብሎ በኋላ ለሰፋሪ የታደለው እንዲህ ባዶ የሆነው መሬት ነው።

መጀመሪያ ሀብት የመጣው ከእርሻ ሳይሆን ከጉድጓድ ነው። ቢዩት የምትባል ከተማ ሥር ብዙ መዳብ ተገኘ። ጊዜው የኤሌክትሪክ መብራት የተጀመረበት ስለነበር ዓለም ሁሉ የመዳብ ሽቦ ይፈልጋል። ማርከስ ዴሊ የሚባል ከአየርላንድ የመጣ ሰው ማዕድን ማውጫውን አሳደገ፣ አናኮንዳ የምትባል ከተማ ቆርቁሮ ማቅለጫ ተከለ። ኩባንያውም አናኮንዳ ተባለ። እያደገ ሄዶ ደኑንም፣ ባቡሩንም፣ ፖለቲከኛውንም በእጁ አስገባ። የግዛቲቱን ትልልቅ ዕለታዊ ጋዜጦች አብዛኞቹን ይዞ እስከ 1959 ቆይቷል። እንግዲህ ኩባንያው የሠራውን ጥፋት የሚያወራው ጋዜጣ የኩባንያው ንብረት ነው ማለት ነው!

ገበሬው ኩባንያውን ያወቀው በጭሱ ነው። በ1902 አዲስ ትልቅ ማቅለጫ ሥራ ጀመረ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው አርሴኒክ የሚባል መርዝ ዲር ሎጅ በሚባለው ሸለቆ ሣር ላይ አረፈ፤ ያንን የጋጡ ከብቶችና ፈረሶች ማለቅ ጀመሩ። ገበሬዎቹ ማኅበር አቋቁመው በ1905 ከሰሱ። ምርጥ ጠበቃ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ምስክር፣ ሁሉም ቀረበ። በ1909 ፍርድ ቤቱ ማቅለጫው ይዘጋ የሚለውን ጥያቄ ውድቅ አደረገው። ምክንያቱም ቢዘጋ የሚጎዳው ሕዝብ ይበዛል የሚል ነበር። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ ገበሬዎቹ ማስረጃ ስላጡ አለመሸነፋቸው ነው፤ የተሸነፉት በሚዛን ነው። የነሱ ከብት በአንድ በኩል፣ የከተማው ደመወዝ በሌላ በኩል ሲመዘን ቀለሉ።

በዚያው በ1909 ሌላ ትልቅ ነገር ሆነ። ከ1862 ጀምሮ የነበረው የሰፋሪ ሕግ ለአንድ ሰው 65 ሄክታር ያህል መሬት በነፃ ይሰጥ ነበር። ደረቅ አካባቢ ላይ ይህ አይበቃም ተብሎ ወደ 130 ሄክታር አደገ። በ1912 ደግሞ የባለቤትነት ወረቀት ለማግኘት መሬቱ ላይ መኖር ያለበት ጊዜ ከአምስት ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። ያላገቡ ሴቶችም መመዝገብ ይችሉ ነበር። የባቡር ኩባንያዎቹ ጭነትና መንገደኛ ስለፈለጉ ማስታወቂያውን አጧጧፉት፤ አውሮፓ ድረስ በራሪ ወረቀት በተኑ። አንዱ ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል አንድ ገበሬ ሞንታናን ሲያርስ ከማረሻው ሥር የወርቅ ሳንቲም ሲገለበጥ ያሳያል። በዚህ ዓይነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎረፈ። ከነሱ ውስጥ ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ፣ አስተማሪ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሱቅ ጠባቂ የነበረ ሁሉ ነበረበት።

አሁን የሙያ ነገር ላንሳ። በዚያን ጊዜ ሃርዲ ዌብስተር ካምቤል የሚባል ሰው "የደረቅ እርሻ ዘዴ" ብሎ ያስተምር ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው፦ የታችኛውን አፈር ጠቅጥቅ፣ የላይኛውን ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር እየከሰከስክ እንደ ዱቄት አድቅቀው፤ ዱቄቱ እርጥበቱን ከላይ ይከድንልሃል። የባቡር ኩባንያዎቹ ይህን ትምህርት በየመድረኩ አራገቡት። ጥሩ ዝናብ ባለበት ዓመት ይሠራ ነበር፣ ጥሩ ዝናብ ባለበት ዓመት ደግሞ ምን የማይሠራ አለ? ከ1909 እስከ 1916 ያሉት ዓመታት አብዛኞቹ ከወትሮው የበለጠ ዝናብ ያገኙ ነበሩ። ስንዴው በአማካይ በሄክታር 17 ኩንታል ገደማ ሰጠ። በዝናብ ብቻ፣ ማዳበሪያ ሳይነካው! ድንግል መሬት ስለነበረ ነው። ሰዉ ግን ይህንን የመሬቱ ቋሚ ጠባይ አድርጎ ወሰደው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1914 አውሮፓ ስትቃጠል የሩሲያ ስንዴ በጥቁር ባሕር በኩል መውጣት አቃተው፤ የዓለም ገበያ ወደ አሜሪካ ዞረ። አሜሪካ ራሷ በ1917 ስትገባ መንግሥት ለስንዴ የዋጋ ዋስትና ሰጠ፣ ወደ ኩንታል ስንቀይረው 8 ዶላር አካባቢ። ከጦርነቱ በፊት ከነበረው በእጥፍ ይበልጣል። ስንዴ መዝራት የአገር ፍቅር ተደርጎ ተሰበከ። ባንኮች ደጅ ድረስ መጥተው አበደሩ። ገበሬው በነፃ ያገኘውን መሬት አስይዞ ተጨማሪ መሬትና ትራክተር ገዛ። ቶማስ ካምቤል የሚባል (የመጀመሪያው ካምቤል አይደለም) በ1918 ከኒው ዮርክ ባንኮች ገንዘብ ይዞ የክሮው ሕዝብን መሬት በሰፊው ተከራየና በሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ስንዴ ዘራ። ባንኮቹ በኋላ ሲወጡ እሱ ግን በማሽኖቹ ተረፈ። እንዲያውም በ1929 ሶቭየት ኅብረት ትልልቅ እርሻ እንዴት እንደሚመራ ልትጠይቀው ጠርታዋለች፤ ከስታሊን ጋርም ተገናኝቷል።

ጦርነቱ ዋጋ ብቻ አይደለም ያመጣው። ምርጫ ክልሏ ሞንታና የሆነችው ጃኔት ራንኪን በአሜሪካ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፤ በገባች በሳምንቱ ጦርነቱን ተቃውማ ድምፅ ሰጠች። ሰሚ ግን አልነበረም። መንግሥት የግዛቲቱን ሕዝብ ብዛት አብዝቶ ስለገመተ የወታደር ኮታዋ ከአቅሟ በላይ ሆነባት፤ ከሕዝቧ አንፃር ሲታይ የወሰደባት ወጣት ከሌሎቹ ግዛቶች በጣም የበዛ ነው። ያ ማለት አጨዳ ላይ የሚፈለገው ጉልበት ሄደ ማለት ነው። ቢዩት ላይ መዳቡ ቀንና ሌሊት ይወጣ ነበር። በሰኔ 1917 ወደ ጉድጓድ ሲወርድ የነበረ የኤሌክትሪክ ገመድ ዘይት የጠጣው ሽፋኑ በፋኖስ እሳት ተያያዘና 168 ሠራተኞች አለቁ። ሠራተኞች አድማ መቱ። ፍራንክ ሊትል የሚባል አደራጅ በነሐሴ መጀመሪያ ሌሊት ከተኛበት ተወስዶ ተሰቀለ፤ ለዚህ የተቀጣ ሰው የለም። በ1918 ደግሞ መንግሥትን ወይም ጦርነቱን በአፍ መስደብን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ፣ በዚያ ምክንያት መጠጥ ቤት ውስጥ በተናገሩት ነገር እስር ቤት የገቡ ነበሩ። የግዛቲቱ ገዥ ይቅርታ ያደረገላቸው በ2006 ነው፣ ሁሉም ከሞቱ በኋላ።

ወደ ማሳው እንመለስ። ዝናቡ የሰነፈው ልክ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ነበር። በ1917 ሰሜኑና ምሥራቁ ላይ ጀመረ፣ በ1918 ሰፋ፣ በ1919 ግዛቲቱን በሙሉ ያዘ። የዚያ ዓመት የስንዴ ምርት በሄክታር 1.6 ኩንታል ገደማ ሆነ። ልብ በሉ፣ ይሄ እኛ ለአንድ ሄክታር የምንመክረውን የዘር መጠን ያህል ነው። የካምቤል ዱቄት አፈር እርጥበት ሊይዝ ቀርቶ ራሱንም መያዝ አልቻለም፤ ንፋስ ሲነሳ አብሮ ተነሳ። ከአናቱ አንበጣና ቆራጭ ትል ተጨመረ።

ሰው ድርቅን ይችላል፤ ድርቅና የዋጋ ውድቀት አንድ ላይ ሲመጡ ነው የሚከብደው። ጦርነቱ አበቃ፣ የአውሮፓ ገበሬ ወደ እርሻው ተመለሰ፣ በ1920 የመንግሥት የዋጋ ዋስትና ተነሳ። ስንዴ በአንድ ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ግማሽ ዋጋውን አጣ። ዕዳው ግን በድሮው ዋጋ የተገባ ነበር። ቁጥሩን ላስቀምጥላችሁ፦ ከ1919 እስከ 1925 ድረስ 11,000 ያህል እርሻዎች፣ ማለትም ከአምስቱ አንዱ፣ ባለቤት አልባ ሆኑ። 20,000 ያህል የመሬት ብድሮች ወደ ሐራጅ ሄዱ። ከ1920 እስከ 1926 ድረስ 214 ባንኮች ከሰሩ፣ በግዛቲቱ ከነበሩት ግማሹ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የቁጠባ ዋስትና የሚባል ነገር ስላልነበረ ሳይበደር ቆጥቦ የኖረውም ጠንቃቃ ገበሬ ከተበዳሪው ጋር እኩል ባዶ እጁን ቀረ። በ1920 ሕዝቧ 548,889 ነበር፤ በ1930 ሲቆጠር 537,606። በዚያ አሥር ዓመት ሕዝቧ የቀነሰ ብቸኛዋ የአሜሪካ ግዛት ሞንታና ናት። ሌላው አሜሪካ ስለ 1929 የኢኮኖሚ ውድቀት ሲያወራ እነሱ አሥር ዓመት ቀድመው አይተውታል።

አንድ ሰው ግን ልንገራችሁ፣ የሙያ አጋራችን ስለሆነ ትንሽ ላዳላለት። ኤም. ኤል. ዊልሰን ይባላል። በግዛቲቱ ከመጀመሪያዎቹ የግብርና ባለሙያዎች አንዱ ሆኖ በ1912 ገጠር ተመደበ፤ በኋላ የኤክስቴንሽን ሥራው ኃላፊ ሆነ። ከድርቁ በኋላ ያደረገው ነገር ቀላል ነው፦ ሄዶ ጠየቀ። ማን ወደቀ? ማን ተረፈ? ምን ያህል መሬት፣ ስንት ፈረስ፣ ምን ያህል ዕዳ ነበረው? ያገኘው መልስ ብዙዎቹ በስንፍና እንዳልወደቁ ያሳያል። መሬቱ ለዚያ ዝናብ አነሰ፣ ካፒታል አልነበራቸውም፣ ብዙዎቹ ልምድ አልነበራቸውም። የተረፉት በአብዛኛው መሬት የጨመሩ፣ ከብት የቀላቀሉ፣ ከማሳቸው ግማሹን በየተራ ያሳረፉ ናቸው። ዊልሰን ከዚያ አልፎ፣ ገበሬ የሚዘራውን መሬት በስምምነት እንዲቀንስና ለቀነሰው እንዲከፈለው የሚል ሐሳብ ይዞ ዋሽንግተን ገባ። በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጡት የእርሻ ሕግ ውስጥ ሐሳቡ ተካተተ፣ የስንዴውን ክፍልም እንዲመራ የተሾመው እሱ ነበር።

የ1930ዎቹ ድርቅ እንደገና መጣ፣ ግን ያኔ ሁለት ነገር ተቀይሯል። አንደኛው የመንግሥት ሥራ ነው፦ ሚዙሪ ወንዝ ላይ ፎርት ፔክ የሚባለው ግዙፍ የአፈር ግድብ በ1933 ተጀመረ። በ1936 ከ10,000 በላይ ሰው ይሠራበት ነበር፤ እርሻቸውን የተነጠቁ ሰዎች ብዙዎቹ እዚያ አካፋ ይዘዋል። በ1938 የግድቡ አንድ ወገን ተንዶ ስምንት ሠራተኞች ሞቱ። ሁለተኛው የአስተራረስ ለውጥ ነው። ጎረቤት ካናዳ ውስጥ ገበሬዎች ራሳቸው የጀመሩት ዘዴ ነበር፦ ማሳውን በጠባብ ረጅም ድርድር ትከፍለዋለህ፣ አንዱን ትዘራለህ፣ አንዱን ታሳርፋለህ፣ ድርድሮቹን ከንፋሱ አቅጣጫ ጋር ታቋርጣቸዋለህ። የተዘራው ያረፈውን ከንፋስ ይጠብቃል። ገለባውንም አፈሩ ላይ መተው ተለመደ። ዱቄት ማድረግ ቀረ።

በ1940ዎቹ ዝናብም፣ ሌላ ጦርነትም፣ ዋጋም ተመለሱ። የቀሩት ገበሬዎች የሄዱትን መሬት እየገዙ ሰፉ፤ ዛሬ የአንድ እርሻ አማካይ ስፋት ከ800 ሄክታር በላይ ነው። ቢዩት ላይ ኩባንያው በ1955 የከፈተው የመዳብ ጉድጓድ በ1982 ሥራ ሲያቆም መርዛማ ውሃ ሞላው፤ በ1995 እዚያ ያረፉ ከ300 በላይ ዝይዎች ሞቱ።

ኢንተርኔት ሲኖራችሁ ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ግሬት ፎልስ ከምትባለው ከተማ በስተሰሜን ያለውን ሜዳ አጉልታችሁ እዩት። እንደ ጥለት የተደረደሩ ድርድሮች ታያላችሁ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቡናማ። በማሳዎቹ መሐል ደግሞ አለፍ አለፍ እያለ በአጥር የተከበበ ትንሽ አራት ማዕዘን ቦታ አለ። የኑክሌር ሚሳይል ነው፣ ከ1962 ጀምሮ መሬት ውስጥ ተተክሎ የተቀመጠ። ገበሬው ዙሪያውን ያርሳል።