አሜሪካ ውስጥ ኑዛዜን በፍርድ ቤት መቃወም የሚችለው ማን ነው?

በዩናይትድ ስቴትስ የሟች ኑዛዜ ለፍርድ ቤት ሲቀርብ ቅር የተሰኘ ዘመድ ሁሉ መቃወም የሚችል ይመስለዋል። ሕጉ ግን በሩን ያን ያህል አልከፈተውም። ኑዛዜው ሐሰተኛ ነው፣ ወይም ሟች አእምሮው በታወከበት ጊዜ የፈረመው ነው የሚለው ክርክር ከመሰማቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ኑዛዜው ቢፈርስ ከሳሹ ምን ያገኛል? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ማስረጃው የቱንም ያህል ቢጠነክር መዝገቡ ይዘጋል።

የሚያገኙት በቅድሚያ ኑዛዜ ባይኖር በሕግ የሚወርሱት ናቸው፤ የትዳር ጓደኛና ልጆች፣ እነርሱ ከሌሉ ወላጆች፣ ከዚያም እኅት ወንድሞች። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ልጆች ትቶ የሞተ ሰው ወንድም፣ በሕመሙ ጊዜ ያስታመመው እርሱ ቢሆንም እንኳ፣ ኑዛዜው ሲፈርስ ንብረቱ ለልጆቹ ስለሚተላለፍ የመክሰስ መብት አይኖረውም።

በቀደመ ኑዛዜ ድርሻ ተሰጥቷቸው በአዲሱ የተሰረዙም ሊከሱ ይችላሉ። እዚህ ላይ ዝምድና አይጠየቅም፤ ወዳጅም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ ጥያቄ ትረስት በሚባለው የንብረት አደራ ላይም ተነሥቷል። እናቷ ሰነዱን ደጋግማ አሻሽላ ከተጠቃሚነት ያስወጣቻት ሴት ልጅ ያቀረበችውን አቤቱታ የካሊፎርኒያ የሥር ፍርድ ቤቶች «ተጠቃሚ አይደለሽም» ብለው ሳይቀበሉት ቀርተው ነበር፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ውሳኔውን ሻረ። የሟች ባለዕዳ ኖሮ ገንዘቡን የሚጠይቅ አበዳሪ ግን፣ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ስለሚከፈለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኑዛዜውን መቃወም አይችልም።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይበልጥ የሚከብደው ሌላ ነው። የእኅትን ወይም የወንድምን ልጅ «ልጄ» ብሎ ማሳደግ የተለመደ ነው፤ በሕጋዊ ጉዲፈቻ ካልጸደቀ ግን በአብዛኛዎቹ ግዛቶች ያ ልጅ እንደ ልጅ ወራሽ አይቆጠርም። የሥጋ ልጅም ቢሆን መወለዱን ማስረዳት አለበት። የኢትዮጵያዊ ልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም በመሆኑ፣ እናትና ልጅ በሰነድ ላይ አንድም የጋራ ስም ላይኖራቸው ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀት ካልነበረ፣ ወይም ወላጅ አሜሪካ ሲገባ በሞላው ፎርም ላይ ልጁን ካላስመዘገበ፣ ክርክሩ ገና ከበሩ ላይ ይጀምራል። የሚኖረው አዲስ አበባ መሆኑ ግን በራሱ ከሳሽ ከመሆን አያግደውም።

የመክሰስ መብት ማግኘት ማሸነፍ ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጁን የሚነቅል ተናዛዥ ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲገልጽ ያስገድዳል። በአሜሪካ ግዛቶች ግን፣ ወጣትና ራሱን መምራት የማይችል ልጅን ከምትጠብቀው ሉዊዚያና በቀር፣ ወላጅ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጁን ያለ ምንም ምክንያት ሊነቅል ይችላል። ስለዚህ «አባቴ በደለኝ» ማለት አይበቃም፤ ማታለል፣ አላግባብ ተጽዕኖ፣ የአእምሮ ብቃት ማጣት ወይም የአፈራረም ጉድለት መረጋገጥ ይኖርበታል።

ጊዜው አጭር ነው፤ በየግዛቱም ይለያያል። በካሊፎርኒያ ኑዛዜው ከጸደቀ በኋላ ያለው 120 ቀን ብቻ ነው። በሜሪላንድ የንብረቱ አስተዳዳሪ በመጀመሪያ ከተሾመበት ቀን አንሥቶ 6 ወር ነው፤ እዚያ ጉዳዩን የሚያየው ችሎት ዛሬም «የወላጅ አልባ ልጆች ፍርድ ቤት» በሚለው ጥንታዊ ስሙ ይጠራል። ቨርጂኒያ 1 ዓመት፣ ቴክሳስ 2 ዓመት ይሰጣሉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሕይወት መድን፣ ተቀባዩ በስም የተመዘገበበት የባንክ ሒሳብና በጋራ ባለቤትነት የተያዘ ቤት ብዙውን ጊዜ ከኑዛዜው ውጭ ይተላለፋሉ፤ ኑዛዜውን ማስፈረስ እነርሱን አይመልስም። ሟች በኢትዮጵያ የተወው ቤት ደግሞ ለሌላ አገር ሕግና ፍርድ ቤት የሚቀርብ ጉዳይ ነው።