ከአሞሌ እስከ አፍዴራ፦ የጨውና የእንቅርት ታሪካችን

የደጋ ሰው በእንቅርት ይተርታል እንጂ ምክንያቱን ሲጠይቅ አልኖረም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባልም እንቅርቱ የቤት ልጅ ነው፤ የሚያስመርረው በላዩ የተደረበው እንግዳ ብቻ ነው። እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። እናቴ ሰኞ ገበያ ጨው ትነግድ ስለነበር አንገታቸው ያበጠ ደንበኞች ሁልጊዜ ይመጡ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። አንዲት እናት እብጠቱን በመስመር በመስመር ተነቅሰውት ነበር፤ ንቅሳት ያኔ ጌጥም መድኃኒትም ነው። እብጠቱ እየሰፋ ሲሄድ መስመሮቹ ተለጥጠው ደብዝዘዋል።

ነገሩ ከአፈሩ ይጀምራል። ታይሮይድ ከማንቁርት በታች በአየር ቧንቧ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ዕጢ ናት፤ ሆርሞኗን የምትሠራው ከአዮዲን ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል። ያቺን ታህል ያጣች እንደሆነ ግን በልፋት ብዛት ታብጣለች። ተዳፋት መሬታችንን ዝናብ ሲያጥበው ስለኖረ አዮዲኑ ከአፈሩ ጋር ወርዷል፤ በዚያ መሬት የበቀለው ገብስም፣ ሣሩን የጋጠችው ላም ወተትም እምብዛም የላቸውም። ጠግቦ የሚያድር ገበሬም ከዚህ አያመልጥም።

ጨው ግን መቼ አጣን? አሞሌ ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ እየወጣ ለዘመናት ገንዘባችን ነበር፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጨው ሲገበያዩ አይቶ ጽፏል። ያ ሁሉ ሀብት ታዲያ አንገታችንን አላዳነም። መድኃኒቱ በሌላ አገር ሲፈለግ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው ኩርቷ አዮዲንን ከባሕር አረም አመድ አገኘ፤ በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ ለእንቅርት ሕክምና አዋለው። እንደኛ ተራራማ የሆነችው ስዊዘርላንድም በ1922 አዮዲንን ከገበታ ጨው ጋር መቀላቀል ጀመረች።

የእናቴ ጨው ከአሰብ ተጭኖ በባቲ በኩል ይመጣ ነበር። «የባሕር ጨው ስለሆነ ነው የሚሻለው» የሚሉ ዛሬም አሉ፤ የባሕር ጨው ግን በራሱ የሚበቃ አዮዲን የለውም፤ የግድ ሊጨመርበት ይገባል። በኋለኛው ዘመን በቀይ ባሕር ዳርቻ አዮዲን እየተጨመረበት መምጣት ጀመረ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲፈነዳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ነጋዴውም ፊቱን አፋር ውስጥ ወዳለው ወደ አፍዴራ አዞረ። እዚያ የሐይቁ ውኃ በኩሬ ተከፋፍሎ በፀሐይ ይደርቃል። ጨዉ ገበያውን ሞላው፤ አዮዲኑ ግን ቀረ። ይህ በጦርነቱ ኪሳራ ሲቆጠር ሰምቼ አላውቅም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ የደነገገው በ2003 ዓ.ም. ነው። ዘግይቷል ባይ ነኝ። እብጠት ለዓይን ይታያል፤ አዮዲን ያጣች ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ላይታወቅ ይችላል።

ለታይሮይድ ሕመም ግን የአዮዲን እጥረት ብቸኛው ምክንያት አይደለም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢዋን ሊያጠቃት ይችላል፤ ያኔ አንገት ሳያብጥም ሕመሙ ይኖራል። ዕጢዋ ስትዳከም ብርድ አይቻልም፣ ሳይበሉ ይወፈራል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ቆዳ ይሻክራል፣ የወር አበባ ይበዛል፣ እንቅልፍ ድካምን አይፈታም። ከልክ በላይ ስትሠራ ደግሞ እየበሉ መክሳት ነው፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል፣ አንዳንዱ ላይ ዓይን ወጣ ወጣ ይላል። እንዲህ የሆነ ሰው በእኛ ሰፈር «ዓይነ ጥላ ነው» ይባል ነበር። ጠበሉንም ይጠመቅ፤ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ግን አይለፈው።

እናቴ ጨዉን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ነበር የምትወቅጠው፤ የባልትና ወጉ ነው። አዮዲን ግን በውኃም በፀሐይም ይሄዳል። እናንተ አዮዲን አለው የሚል ጽሑፍ ያለበትን የታሸገ ጨው ግዙ፤ አትጠቡት፤ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። አንገታችሁ ላይ እብጠት ካያችሁ፣ ድምፃችሁ ከጎረነነ ወይም ምግብ መዋጥ ካስቸገራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።