የግሽ ዓባይ ጥናት እንዴት ለዓለም ተዳረሰ

ከቡሬ በስተሰሜን በሰከላ ደጋ ስለሚፈልቀው ስለ ግሽ ዓባይ በአገሩ ሰው ዘንድ የሚነገር አንድ ትውፊት አለ። ይኸውም አቡነ ዘርዓ ብሩክ የተባሉት ጻድቅ በተያዙ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው አደራቸውን ቢጠይቁት ውሃው አንድ ገጽ እንኳ ሳያረጥብ መለሰላቸው የሚል ነው። ይህን የምናነሣው እንደ ታሪክ ማስረጃ አድርገን አይደለም። ስለዚሁ ምንጭ የተጻፉት የምርምር ጽሑፎች ግን እንዲህ ያለ ታማኝ ባለአደራ አላገኙምና፣ የእነርሱን ዕድል መመርመር ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት ይሰጣል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ምንጩ ጠፍቶ የተገኘ አለመሆኑ ነው። የሰከላ ሰው ሲጠመቅበትና ሲሳለመው የኖረ ነው፤ የማያውቀው የውጭው ዓለም ነበር። በአፕሪል 21 ቀን 1618 ዓ.ም. ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ወደ ሥፍራው ደርሶ ያየውን በፖርቱጋልኛ በጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አሰፈረው። ፓኤዝ በ1622 ዓ.ም. ሞተ። መጽሐፉ ግን እስከ 1905 ዓ.ም. ድረስ ሳይታተም ቆየ። ስለ ምንጩ የሚናገረውን ክፍል አታናሲየስ ኪርሸር የተባለው ሊቅ በ1652 ዓ.ም. በላቲን አሳትሞት ስለ ነበር፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ያነበቡት የደራሲውን ሙሉ ቃል ሳይሆን ከሌላ ሰው መጽሐፍ የተቀነጨበውን ነው። ከፓኤዝ በኋላ ምንጩን ያየው የጄሮኒሞ ሎቦ ጽሑፍ የተሻለ ዕድል ገጠመው። በ1660 ዓ.ም. የተቋቋመው የለንደኑ የሊቃውንት ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ ስለ ዓባይ የሚናገረውን አጭር ሐተታ በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ በ1669 ዓ.ም. ለንባብ አበቃው።

የፓኤዝ መጽሐፍ ተሸሽጎ መቅረት ያስከተለው ጣጣ የታወቀው ጄምስ ብሩስ በመጣ ጊዜ ነው። ስኮትላንዳዊው ብሩስ በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ዓ.ም. ግሽ ደረሰ። መሣሪያ ይዞ የሥፍራውን ኬክሮስ ለክቶ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ያህል መሆኑን አመለከተ፤ ይህም ከዛሬው ካርታ ብዙም የሚርቅ አይደለም። ጽሑፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው ግን ከ20 ዓመት በኋላ በ1790 ዓ.ም. ነው። በዚህ መጽሐፍ የፓኤዝን መድረስ ክዶ የመጀመሪያነቱን ክብር ለራሱ አደረገ። እንግዲህ በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር እናያለን። ልኬቱን ማንም መሣሪያ ያለው ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው ይችል ነበር፤ ክህደቱን ግን ዋናው ማስረጃ በማኅደር ተዘግቶበት ስለ ነበር በቀላሉ የሚያርመው አልተገኘም። ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለ ፓኤዝና ስለ ሎቦ የመከላከያ ጽሑፍ በፓሪስ ያወጣው በ1848 ዓ.ም. ነው፤ ብሩስ ከሞተ 54 ዓመት ሆኖት ነበር።

በሃያኛው መቶ ዓመት ሥራው ከመንገደኛ እጅ ወደ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። በ1957 ዓ.ም. ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲባል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ። ጣቢያውን የመሩት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ጽሑፍ ሳይቀር የመሬት መንቀጥቀጥን ወሬ ለቅመው የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 ዓ.ም. አሳተሙ። በጎጃም በኩል ደግሞ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት በመተባበር ያካሄዱት የዓባይ ሸለቆ ጥናት በ1964 ዓ.ም. በብዙ ቅጾች ወጣ። በፍኖተ ሰላም አካባቢ አልፎ ወደ ዓባይ የሚገባው የብር ወንዝም ለመስኖ ከታሰቡት መካከል ነበረ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ጽሑፎች የተጻፉት በፖርቱጋልኛ፣ በላቲን፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። መንገዱን ያሳየው፣ የወንዙን ስም የነገረው፣ ጎርፉ የት እንደሚደርስ የመሰከረው ባላገር ግን የነገረው ነገር ምን ሆኖ እንደ ተጻፈ በገዛ ቋንቋው የሚነግረው አላገኘም። የፓኤዝ መጽሐፍ ከአውሮፓ ሊቃውንት ተሸሽጎ የቆየው 280 ዓመት ያህል ነው፤ ከሰከላ ገበሬ የተሸሸገበት ዘመን ግን ገና አላበቃም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት የታየ ነገር ዕውቀት የሚሆነው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ሳይዘገይ መታተሙ፤ ሁለተኛ፣ ሌላው ሰው ሊያረጋግጠው በሚችልበት አኳኋን መጻፉ፤ ሦስተኛ፣ ወደ ተገኘበት አገር ተመልሶ መነገሩ። ሁለቱን የሊቃውንት ማኅበራት በየጊዜው ፈጽመዋቸዋል። ሦስተኛው የእኛ ዕዳ ነው። ከመካከላችን ስለ ብር ወንዝ ወይም ስለ ቡሬ አፈር የሚያጠና ተማሪ ቢኖር፣ ከመመረቂያ ጽሑፉ አንድ አጭር የአማርኛ ቅጂ አዘጋጅቶ ወደ ወረዳው ትምህርት ቤት ቢልክ አደራውን እንደ መለሰ እንቆጥረዋለን።