ከየኔታ አለንጋ እስከ መምህራን ሳምንታዊ ስብሰባ

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ትምህርት ቤቶች የተከፈቱበት ዓመተ ምሕረት፣ የመሥራቾቹ ስምና የተማሪዎቹ ብዛት ነው። የክፍሉ በር ከተዘጋ በኋላ በውስጡ ሥርዓት እንዴት ይጠበቅ እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ይህንኑ ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ጠባይ በምን መሣሪያ ይታረም ነበር? ይህስ መሣሪያ መምህራን እርስ በርሳቸው ከሚነጋገሩበት ልማድ ጋር ምን ግንኙነት አለው?

ሐሳባችን ባጭሩ የሚከተለው ነው። ትምህርት ቤቱ በአንድ መምህር እጅ በነበረ ጊዜ ደንቡና መምህሩ አንድ ነበሩ። መምህራኑ ሲበዙ ግን ሥርዓት የሚጸናው የሁሉም ቃል አንድ ሲሆን ነው። አለንጋ ይህን የቃል ልዩነት ለረጅም ጊዜ ሸፍኖት ቈየ፤ ሕግ አለንጋን በከለከለ ጊዜ ግን ክፍተቱ ገሃድ ወጣ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የየኔታ ሥርዓት

የንባብ ትምህርት ቤት፣ እንደሚታወቀው፣ የተለየ አዳራሽ ወይም የሰዓት ድልድል አልነበረውም። ሕፃናቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር የኔታን ከበው ይቀመጣሉ። ፊደል ይቈጥራሉ፣ አቡጊዳ ይላሉ፣ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይሻገራሉ፤ በመጨረሻም 150ውን መዝሙር ይዘው ዳዊት ይደግማሉ። ሁሉም በየደረጃው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነብ ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ሁካታ ይመስላል። ለየኔታ ግን ድምፁ ራሱ የሥራ ምልክት ነው፤ የሚጠረጠረው ዝም ያለው ልጅ ነው።

የልጆቹ ቍጥር ለአንድ ሰው ሲበዛ ዳዊት የደረሰው ፊደል የሚቈጥረውን ያስጠናዋል። ይህ ዘዴ በአገራችን ብቻ የተወሰነ አይደለም። በ1790 ዓ.ም. ገደማ ጆሴፍ ላንካስተር የተባለው እንግሊዛዊ በለንደን ከተማ በከፈተው የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቹን እንዲያስተምሩ አድርጎ ነበር፤ ይህም በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ አዲስ ጥበብ ተቈጥሮ ተስፋፋ። በየኔታ ዘንድ ግን የቈየ የዕለት ተዕለት ልማድ ነው።

ቅጣቱን በተመለከተ ቁንጥጫ፣ አርጩሜና አለንጋ የታወቁ ናቸው። ወላጅም ልጁን ሲያስረክብ የመቅጣቱን ሥልጣን አብሮ ያስረክብ ነበር። አለንጋውን ፈርቶ ትምህርቱን ጥሎ የኰበለለ ልጅ ታሪክ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ስለሚነገር የዚህን ቅጣት ክብደት ማቃለል አይገባም። ሆኖም ሥርዓቱን ያጸናው አለንጋው ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ይመስለናል። የኔታ የልጁን አባትና እናት በስም ያውቃሉ፤ በየሰንበቱም በቤተ ክርስቲያን ያገኟቸዋል። ትናንት የከለከሉትን ዛሬም ይከለክላሉ። ልጁ ሁለት መምህራንን የሚያነጻጽርበት አጋጣሚ አልነበረውም።

፪. የደወሉ ትምህርት ቤት

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባቋቋሙት ትምህርት ቤት የመጡት መምህራን ከግብፅ የተጠሩ ቅብጦች ነበሩ። በዚያም የውጭ አገር ቋንቋዎች ይሰጡ ጀመር። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተለወጠው የትምህርቱ ዓይነት ብቻ አልነበረም። ቀኑ በሰዓት ተከፋፈለ፤ በየሰዓቱም ሌላ መምህር ይገባ ጀመር። አንድ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ በጠባይም፣ በቋንቋም፣ አንዳንድ ጊዜም በዜግነት የሚለያዩ መምህራን ፊት ይቀመጥ ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሺስት ወረራ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፣ ብዙ የተማሩ ሰዎችም ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ ሥራው እንደገና ሲጀመር መምህር በማጣት ምክንያት ከእንግሊዝ፣ ከካናዳ፣ ከሕንድ፣ ከግብፅና ከአሜሪካ ብዙ መምህራን ተቀጠሩ። በ1930ዎቹም በአዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሁሉም የየራሱን የሥነ ሥርዓት ልማድ ይዞ ወደ ክፍል እንደ ገባ መገመት አያስቸግርም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው የአገልግሎት ደንብ መሠረት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየተላኩ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት ይሠሩ ነበር። ከሌክቸር አዳራሽ ወጥቶ ብዙ ሕፃናት በሞሉበት ክፍል ውስጥ ብቻውን የቆመ ወጣት በቅድሚያ የሚፈተነው በሚያስተምረው ትምህርት ሳይሆን በክፍሉ ጸጥታ ነው።

የደወሉ ትምህርት ቤት ለዚህ ችግር የራሱን መሣሪያዎች አበጀ። የጧት ሰልፍ፣ ሳምንቱን ሙሉ ግቢውን የሚቈጣጠር ተረኛ መምህር፣ በውጤት መግለጫ ካርድ ላይ ለጠባይ የተመደበ ቦታ፣ እንዲሁም የክፍል አለቃ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ለምርመራ የሚጠቅመን አለቃው ነው። መምህሩ ሲወጣ አለቃው ጠመኔ ወይም ቍራጭ ወረቀት ይይዝና የረባሾችን ስም ይጽፋል። መምህሩ ሲመለስ ባላየው ጥፋት፣ ባልሰማው ምስክርነት፣ በዝርዝሩ ብቻ ይቀጣል። ወዳጅ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ጠበኛ ይጨመራል። በንባብ ቤት ታላቁ ተማሪ ለታናሹ አስጠኚ ነበረ፤ በደወሉ ትምህርት ቤት ግን ጠባቂና ከሳሽ ሆነ። ይህ ለውጥ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መምህሩ ክፍሉን የሚያውቅበት መንገድ ከዓይኑ ወደ ወረቀት መዛወሩን ያመለክታል።

፫. ሕጉና አለንጋው

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2039 እንደሚያሳየው፣ በልጅ፣ በሞግዚትነት በተያዘ ሕፃን፣ በተማሪ ወይም በአገልጋይ ላይ በመጠን የተፈጸመ የአካል ቅጣት እንደ ጥፋት አይቈጠርም ነበር። ስለዚህ መምህሩ በማስመሪያ የጣቶችን ጫፍ ሲመታ፣ ወይም ሲያንበረክክ፣ ከኋላው ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግም ቆሞ ነበር።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የሕፃናትን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀበለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደነገገ። በ35 ዓመት ልዩነት ውስጥ፣ አንዱ ሕግ የታገሠውን ሌላው ከለከለ ማለት ነው። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ ደግሞ የወላጅና የመምህራን ኅብረት በትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲሳተፍ አደረገ፤ የተማሪ ጠባይም ከዚህ አካል ጉዳዮች አንዱ ሆነ።

ነገር ግን ሕግ የሚከለክለውን ይናገራል እንጂ በምትኩ ነገ ጧት በ2ኛው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ዩኒሴፍ በ2007 ዓ.ም. ባሳተመው የአራት አገሮች ጥናት ከኢትዮጵያ ከተጠየቁት የ8 ዓመት ሕፃናት ከአራቱ ሦስቱ ያህል፣ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ መምህር ተማሪን ሲመታ ማየታቸውን ተናግረዋል። ይህ መልስ የተሰበሰበው ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። መምህራኑ ሁሉ ጨካኞች ናቸው ብለን ብንደመድም ቀላል በሆነ ነበር። እኛ ግን ምክንያቱን በሌላ ስፍራ፣ በመምህራኑ ሳምንት ውስጥ፣ እንፈልጋለን።

፬. የመምህራን ሳምንት

የአንደኛ ደረጃ መምህር ሳምንት በጽሑፍ የተሞላ ነው። ሳምንታዊ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቶ ያስፈርማል፤ ተላላኪ የሚያዞረውን ማስታወቂያ አንብቦ ይፈርማል፤ የተማሪ መቅረትን ይመዘግባል። ስብሰባም አለ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በስብሰባው የሚሰማው ከበላይ የመጣ ትእዛዝ፣ የመዋጮ ጉዳይና የፈተና ቀን ነው። የትኛው ልጅ በዚህ ሳምንት ዝም እንዳለ፣ የትኛው ክፍል ከዕረፍት በኋላ እንደሚታወክ፣ የትኛው ደንብ በሁለት መምህራን እጅ ሁለት እንደ ሆነ የሚነገርበት ሰዓት ጥቂት ነው።

ይህ ሲጓደል ምን እንደሚደርስ ለማሳየት አንድ ተራ ምሳሌ እንውሰድ። ልጁ ዘግይቶ ይመጣል። ሰኞ ተረኛው መምህር በር ላይ ያቆመዋል፤ ማክሰኞ ሌላው ግቢ ያስጠርገዋል፤ ረቡዕ ሦስተኛው ምንም ሳይል ያስገባዋል፤ ሐሙስ ደግሞ ወላጅ አምጣ ይባላል። ውሃ ቀድቶ እንደሚመጣና ስለዚህ እንደሚዘገይ ከአራቱ አንዱ ብቻ ያውቃል፤ ለሌሎቹ ግን አልነገራቸውም። ልጁ ከዚህ የሚማረው ደንቡን ሳይሆን የሰዎችን ፊት ማንበብ ነው። ደንቡ አንድ ባልሆነበት ስፍራ ቶሎ የሚገባው ቋንቋ ዱላ ስለሚመስል፣ በሕግ የተከለከለው አለንጋ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል።

በእርግጥ እንቅፋቱ ከባድ ነው። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጧቱ መምህር ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፤ ሁለቱ ሳይተያዩ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ለአንድ ክፍል የተወሰነው መጠን 50 ተማሪ ሆኖ ሳለ በብዙ ስፍራ ከዚህ በላይ ይቀመጣል። መምህሩ ጊዜ የለኝም ቢል የሚፈረድበት አይደለም።

ሆኖም ጊዜው በወረቀት ላይ አለ። ለመምህራን በተደነገገው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል ይጠበቅበታል። የትምህርቱን ዘመን 40 ሳምንት ብለን ብናሰላ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ከዚህ ግማሽ ሰዓት እንኳ ስለ ተማሪዎች ጠባይ ለመነጋገር ቢውል ከየኔታ ጋር የጠፋው የቃል አንድነት ሊተካ ይችላል ብለን እናምናለን።

ለዚህም ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ የሳምንቱ ተረኛ መምህር ያየውን በአጭሩ ጽፎ ለሚቀጥለው ተረኛና ለሌላው ፈረቃ ያስረክብ። ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ፣ ለምሳሌ ስለ መዘግየት ወይም ስለ ዕረፍት ሰዓት ጠብ፣ ሁሉም መምህራን የሚጠብቁት አንድ ቃል ይወሰን። ሦስተኛ፣ የተወሰነው ነገር በሰልፍ ላይ ለተማሪዎች ይነገር፤ የክፍል አለቃውም የረባሽ ስም መጻፉን ትቶ እንደ ጥንቱ ለደካማው አስጠኚ ይሁን።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው የክፍል ሥነ ሥርዓት ታሪክ የቅጣት ታሪክ ብቻ አይደለም። የኔታ ብቻቸውን ስለ ነበሩ ቃላቸው አንድ ነበረ። የደወሉ ትምህርት ቤት መምህራንን አበዛ፤ የሚነጋገሩበትን ሰዓት ግን በዚያው ልክ አላበዛም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አለንጋን ከመምህሩ እጅ ሲወስድ ያደረገው ነገር ትክክል ነበረ፤ ባዶ የቀረውን እጅ መሙላት ግን የመምህራኑና የርእሰ መምህሩ ሥራ ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመምህርነት እንቆማለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ግን አንበሳ ሳይሆን የ8 ዓመት ልጅ ነው፤ የሚያስፈልገውም መታሰር ሳይሆን ከአራት መምህራን አንድ ዓይነት ቃል መስማት ነው።