ዕረፍት የማይፈውሰው ድካም፦ የአሶሳ ጤና ባለሙያዎችና የፍሮይደንበርገር ምክር

በሥራ ጫና ስለመዛል የሚጽፍ ሁሉ የሥነ ልቦና ባለሙያውን ኸርበርት ፍሮይደንበርገርን ሳይጠቅስ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ጽሑፍ በር ከፈተ፤ በ1981 ተመራማሪዎቹ ማስላክና ጃክሰን መለኪያ አበጁለት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በጸደቀው ምደባው መዛል ከሥራ የሚመነጭ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም አለ። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከፍሮይደንበርገር ምክር ጋር ነው።

ፍሮይደንበርገር ያጠናው በኒውዮርክ ነጻ ክሊኒክ አብረውት ያገለገሉ ሰዎችን፣ በተለይም በጎ ፈቃደኞችን ነው። ያዘዘላቸውም ዕረፍት፣ የሰዓት ገደብ፣ የሥራ መለዋወጥና የሰውነት እንቅስቃሴ ነበር። ይህ ሁሉ የሚሠራው የደከመው የሚሄድበት፣ የሄደውም የሚተካበት ቦታ ሲኖር ነው። አሶሳ በምትገኝበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ይህ መነሻ ይፈርሳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለአንድ ቀበሌ የመደበው ሁለት ሠራተኞችን ነው፤ አንዷ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ ክትባቱም፣ የቤት ለቤት ጉብኝቱም፣ ሪፖርቱም ሌላዋ ላይ ይወድቃል። ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበረታል። በክልሉ መተከል ዞን የተነሳው ግጭት ብዙዎችን አፈናቀለ፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያሳደዳቸው በድንበሩ ላይ ባለችው በኩርሙክ በኩል ይገባሉ። ታካሚው ሲጨምር የዲዩቲ ሰሌዳው ላይ ያለው ስም አብሮ አይጨምርም።

ይህን የሚያስረዳው በመዛል ጥናት እምብዛም የማይነሳው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ማይክል ሊፕስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ አቅርቦቱ ከፍላጎቱ ሁልጊዜ ስለሚያንስ አገልግሎቱን እየቆነጠረ ለማደል እንደሚገደድ አሳየ። በዚህ ዓይን ካየነው፣ የማስላክና የጃክሰን መለኪያ «ታካሚን እንደ ዕቃ ማየት» ብሎ የሚመዘግበው አብዛኛው ነገር ትርጉሙ ይለወጣል። ተረኛዋ ነርስ ቃሏን የምታሳጥረው ርኅራኄዋ ስላለቀ አይደለም፤ ያላትን ጊዜ ለተሰለፈው ሁሉ ማዳረስ ስላለባት ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት ጭንቀትን ስለመቋቋም በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ማስቀመጥ ጥፋቱን ወደ እርሷ ማዞር ነው።

በአንድ ክፍል እየሠሩ አንዱ ሲዝል ሌላው የሚጸናው ለምንድን ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። የግለሰብ ልዩነት ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ይነግረን ይሆናል፤ ሁሉም ለምን እንደሚንገዳገዱ ግን አይነግረንም። ፍሮይደንበርገር ተቋማዊ እርምጃም መክሯል የሚሉ አሉ። መክሯል፤ ግን የሚለዋወጥ ሰው ባለበት።

በእርግጥ ይህ ንባብ ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ በመስክ ጥናት መፈተን አለበት። አቅጣጫው ግን ከወዲሁ ይታያል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ ጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ የጠየቁት የደመወዝና የሥራ ሁኔታ መሻሻል ነበር። ስለዚህ በአሶሳ ስለ መዛል የሚያጠና ሰው ለባለሙያው መጠይቅ ከማደሉ በፊት ተቋሙን ይጠይቅ፦ ለአንድ ተረኛ ስንት ታካሚ ይደርሳል? ፈቃድ የወጣውን ማን ይተካል? የዲዩቲ ክፍያስ በወቅቱ ይከፈላል? የመዛል ልኬት መጀመር ያለበት ከእነዚህ መልሶች ነው።